ጾሜን ይዤ ጃማይካ ሄድኩ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7

ሆስፒታል አብራኝ የምትሰራ ጃማይካዊት ጓደኛ አለችኝ። ስድስት አመት ሙሉ የሌሊት ሺፍት አብረን ሰርተናል፣ በየአመቱ "ዘንድሮማ እናቴ ጋ ይዤሽ ሳልሄድ አልቀርም" ትለኛለች፣ እኔም በየአመቱ እሺ እላለሁ፣ አልሄድም። ዘንድሮ ዝም ብላ ቲኬቱን ቆርጣ መጣች። ችግሩ የነሱን ፋሲካ አይታ ነው የቆረጠችው፣ የ2017 ፋሲካ ደግሞ ከፈረንጆቹ ጋር አንድ ቀን ዋለ፣ ሚያዝያ 12። እና ሰው ለዶሮ ጥብስና ለባህር ዳርቻ በሚሄድበት አገር እኔ በሰሙነ ሕማማት ጾሜን ይዤ ሄድኩላችሁ። እማዬ በስልክ "እዛ ምን ልትበዪ ነው?" አለችኝ፣ ሽሮ ይዣለሁ አልኳት። እውነትም ይዣለሁ፣ ሁለት ኪሎ፣ ከሱ ጋር ለጓደኛዬ እናት ስጦታ አንድ ጀበና በፎጣ ጠቅልዬ።

ከሜሪላንድ ማያሚ፣ ከማያሚ ኪንግስተን ሁለት ሰአት እንኳ አይሞላም። ኤርፖርቱ ያለው ባህሩ መሃል እንደ ቀበቶ የተዘረጋች ቀጭን መሬት ላይ ነው፣ ፓሊሴዶስ ይሏታል፣ በግራም በቀኝም ውሃ። በ1958 ሚያዝያ 13 ጃንሆይ የወረዱት እዚሁ ነው። ፓስፖርት የሚያየው ልጅ የትውልድ ቦታዬን ሲያነብ ቀና ብሎ አየኝ፣ "ኤምፕረስ" (እቴጌ መሆኑ ነው) ብሎ ማህተሙን መታልኝ። እንግዲህ ተጀመረ አልኩ በሆዴ።

እውነቱን ልናገርና እኔ ስለ ጃማይካ የማቀው ሁለት ነገር ነበር፣ ቦብና ጃንሆይ። ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት ሻሸመኔ አጎቴ ጋ ስሄድ ጃማይካ ሰፈርን አልፌ ነው ቤቱ የምገባው፣ ጸጉራቸውን ያየሁ ጊዜ እየሮጥኩ ነበር የማልፈው። በቃ እውቀቴ ይኸው ነው።

ታክሲ ነጂው ከኤርፖርት ጀምሮ ሲያወራ ነበር። መንገዱ በግራ ነው የሚነዳው፣ በየኩርባው እግሬ ፍሬን ይፈልጋል። "እናንተ ኢትዮጵያኖች 25 ዙር የምትሮጡት ምን እያሳደዳችሁ ነው?" አለኝ። እናንተስ አንዴ ተፈትልካችሁ የምታቆሙት አልኩት። በርሊን 2009 እ.ኤ.አ. ላይ ተገናኘን፣ እሱ የቦልትን 9.58 ያነሳል እኔ ቀነኒሳ አስሩንም አምስቱንም ሺ የወሰደበትን አነሳለሁ፣ አንድ ውድድር ላይ ነው ሁለቱም። ሂሳቡን ሲቀበለኝ "ግማሹን ለቀነኒሳ ቀንሼልሻለሁ" አለኝ፣ ጓደኛዬ እንደነገረችኝ ግን ምንም አልቀነሰም ጭራሽ ጨምሮብኛል።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

ኪንግስተን አንድ ቀን ብቻ ስለነበረን ጓደኛዬ ሩጫ አስያዘችኝ። ሆፕ ሮድ ቁጥር 56 የቦብ ቤት ሄድን፣ ቆንጆ ነው፣ ቱሪስት ብዙ ነው፣ ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም። ዴቨን ሀውስ ደግሞ በ1881 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ስቲቤል የሚባል ጥቁር ሚሊየነር ያሰራው ቤት ነው፣ አስቡት ባርነት ከቀረ ገና 43 አመቱ። አሁን ሰው ለታሪኩ ሳይሆን ለአይስክሬሙ ነው የሚሰለፈው። ጓደኛዬ ሁለት እስኩፕ ይዛ ፊት ለፊቴ ስትልስ እኔ ታሪኩን አነበብኩ።

ገበያው ግን! ኮሮኔሽን ማርኬት ይባላል፣ ታች ከተማው ውስጥ፣ እኔ መርካቶን የማቀው ሰው ደንግጫለሁ። ሻጮቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ ሂግለር ነው የሚሏቸው፣ ከገጠር በሌሊት ጭነው ይመጣሉ፣ እዛው እቃቸው ላይ የሚተኙም አሉ። የቆጮ ጥቅልል የሚያክል ያም የሚሉት ስራስር፣ አረንጓዴ ሙዝ፣ ካላሉ የሚሉት ጎመን፣ ትንሽዬ ቦርሳ የምትመስል ቃሪያ፣ ስኮች ቦኔት። ቃሪያዋን አሽትቼ ብቻ አይኔ አለቀሰ፣ ሚጥሚጣ ያሳደገኝ ልጅ ነኝ እያልኩ ስፎክር። አንዷ ሻጭ "ዳርሊን፣ ነይ" አለችኝ፣ ሄድኩ፣ ዋጋ ጠየቅኩ፣ ተከራከርኩ፣ ጓደኛዬ በኋላ "አንቺ እኮ እዚህ የተወለድሽ ነው የምትመስዪው" አለችኝ። ክርክሩን ነው ያለችው መሰለኝ።

ምሳ ላይ ጾሜን አስታወስኳት፣ ስጋ የለም ወተት የለም እንቁላል የለም። ሳቀች፣ እጄን ይዛ አንድ ራስታ ያለበት ቆርቆሮ ቤት አስገባችኝ። አይታል ይባላል ምግቡ፣ ቫይታል ከሚለው ቃል የፊቱን ድምጽ አውጥተው "አይ"ን ያስገቡበት ነው፣ ራስታዎች ብዙ ቃል እንደዛ ያረጉታል። ስጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ብዙዎቹ ጨውም አይጨምሩም። ቀይ ባቄላ በኮኮናት ወተት፣ ዱባ፣ ያም፣ ጦስኝ የመሰለ ቅጠል፣ በቅል ሰሃን። ማሰብ ነው፣ 55 ቀን ምን ልብላ እያልን ሽሮና ምስር ስናፈራርቅ እነዚህ ሰዎች አመቱን ሙሉ ይጾማሉ ኮኮናት አስገብተውበት። ያቺን ቀን ሽሮዬን ረሳሁት።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

ወደ ፖርትላንድ። እናቷ ያሉት እዛ ነው፣ ከፖርት አንቶኒዮ ወጣ ብሎ። ቀይ ታርጋ ያለው ታክሲ ነው የሚኬደው፣ እንደኛ ሚኒባስ በመስመር የሚሰራ፣ መኪናው ቶዮታ ፕሮቦክስ ነው። አምስት ሰው የምትይዝ መኪና ስንት ሰው ትይዛለች? እኔ ጭን ላይ የማን ልጅ እንደሆነ እስካሁን የማላውቀው ልጅ ተኝቶ ነበር። መንገዱ ተራራውን ሰንጥቆ በወንዝ ዳር በወንዝ ዳር ይሄዳል፣ ካስልተን ላይ የድሮ የእጽዋት አትክልት ቦታ አለ፣ ከዛ በኋላ ጉድጓድና ኩርባ። ሹፌሩ በየኩርባው ክላክስ ይነፋል ግን ፍጥነት አይቀንስም። አኖቶ ቤይ ላይ ባህሩ ድንገት ብቅ ሲል ዝም አልኩ፣ ወሬዬን ጨርሼ አላቅም ነበር።

እናቷ በር ላይ ቆመው ነበር። 78 አመታቸው ነው፣ ቀጠን ያሉ፣ ልጃቸውን ሳያቅፉ በፊት እኔን አቀፉኝ። ግቢው ውስጥ ማንጎ፣ ዳቦ ፍሬ፣ ሙዝ፣ ደግሞ አኪ የሚባል ዛፍ አለ። የዳቦ ፍሬውን ከታሂቲ በ1793 እ.ኤ.አ. ካፒቴን ብላይ የሚባል እንግሊዝ ነው ያመጣው፣ ለባሮቹ ርካሽ ቀለብ ይሆናል ተብሎ። አኪው ደግሞ ከምዕራብ አፍሪካ ነው የመጣው፣ የሰዎቹ አያቶች ከመጡበት። ቀይ ፍሬው ዛፉ ላይ እያለ በራሱ ጊዜ አፉን እስኪከፍት መጠበቅ አለበት፣ ቀድመህ ከቆረጥከው መርዝ ነው፣ ይገድላል። እናቷ ይሄን ሲያስረዱኝ "አኪ ራሱ ነው በቃ ደርሻለሁ የሚለው፣ አንቺ አይደለሽም" አሉኝ። ሲበስል እንቁላል ፍርፍር ነው የሚመስለው። ብሄራዊ ምግባቸው ከደረቅ ጨው አሳ ጋር ነው፣ እኔ አሳውን እንቢ ስል (አዎ አውቃለሁ አሳ ይበላል የሚል አለ፣ እኛ ቤት በሁዳዴ አይበላም) ዝም ብለው ሌላ ድስት ጣዱ፣ በሽንኩርት በቲማቲም ብቻ።

ማታ ጀበናውን ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው ገለበጡት፣ አሸተቱት። "ሻይ ማፍያ ነው?" አሉ። ቡና ነው አልኩ። "አዎ፣ የቡና ሻይ።" ለካ እዚህ አገር ትኩስ የሆነ ነገር ሁሉ ሻይ ነው! ቡና ሻይ፣ ካካዎ ሻይ፣ ማይሎ (የቆርቆሮ የብቅልና የቸኮሌት ዱቄት ነው) ሻይ፣ የአሳ ሾርባ እንኳን የአሳ ሻይ ነው። ቡና ግን እሳቸው እምብዛም አይጠጡም፣ የብሉ ማውንቴን ተራራ ከቤታቸው ጀርባ እየታየ! የተራራው ቡና በአለም ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው፣ ለብዙ አመት አብዛኛው ጃፓን ነው ሲሄድ የኖረው፣ "ለኛ የሚቀረው ጠረኑ ነው" አሉኝ። ችግኙን በ1728 እ.ኤ.አ. የቀድሞው ገዢ ኒኮላስ ሎውስ ከማርቲኒክ ነው ያስመጣው። ማርቲኒክ የደረሰው ከፓሪስ ነው፣ ፓሪስ ከአምስተርዳም፣ አምስተርዳም ከጃቫ፣ እንዲህ እያልክ ወደኋላ ብትቆጥር የመን ትደርሳለህ ከየመን እኛ ጫካ። ቆላሁ፣ ወቀጥኩ፣ አፈላሁ። ጭሱን ወደሳቸው ስገፋው አይናቸውን ጨፈኑ። አቦሉን ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱ፣ ሶስት ማንኪያ ስኳር ደግሞ የቆርቆሮ ወተት ጨመሩበት። ምን ላርግ፣ የራሳቸው ቤት ነው።

አርብ፣ ሚያዝያ 10 — ስቅለት

ጠዋት ገና ሳይነጋ ኩሽና ውስጥ ኮሽታ ሰማሁ። የጎረቤት ልጆች ናቸው፣ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ የእንቁላል ነጩን ጨምረው ጸሃይ እስኪወጣ ይጠብቃሉ። በስቅለት ቀን ጸሃይዋ ስትሞቀው ቅርጽ ይሰራል፣ ቅርጹ ያመትህን ነገር ይነግርሃል፣ ቤተክርስቲያን ከሆነ ሰርግ፣ ሳጥን ከሆነ ሞት፣ መርከብ ከሆነ ጉዞ። ልጆቹ አንዱ ላሜ ነው ይላል አንዱ መኪና ነው ይላል ይጣላሉ። እናቷን እርስዎስ አይሰብሩም? አልኳቸው። "ይቺ" አሉ በአገጫቸው ልጃቸውን እያሳዩ፣ "17 አመቷ መርከብ ወጣላት። በአመቱ ሄደች። ከዛ ወዲህ እኔ እንቁላል የምሰብረው ለመጥበስ ነው።" ጓደኛዬ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች፣ የታጠበ ብርጭቆ።

ቀኑን ቤተክርስቲያን አልነበረኝምና ሰዓቱን ቆጥሬ በረንዳው ላይ ስግደት ጀመርኩ። እናቷ መጀመሪያ አመማት ብለው መጡ። ነገርኳቸው። ገቡና ትንሽ ቆይተው የድሮ ብርድ ልብስ አራት ጊዜ አጥፈው ይዘው መጡ፣ ጉልበቴ ስር አነጠፉልኝ፣ ሄዱ። ምንም አላሉኝም። እሳቸው የቸርች ኦፍ ጎድ ናቸው፣ ስግደት አያቁም።

ምግቡ፣ በስቅለት ቀን ስጋ አይበሉም፣ አሳ በሆምጣጤ በሽንኩርትና በዛች ቃሪያ፣ ኤስኮቪች ይባላል። ደግሞ ቡን ኤንድ ቺዝ፣ ቅመምና ዘቢብ ያለበት ጥቁር ዳቦ ውስጥ ከቆርቆሮ የወጣ ብርቱካንማ አይብ። አገሩ ሁሉ ይበላዋል፣ ደሃ ሃብታም የለም፣ ቡን ያልገባበት ቤት ፋሲካ አልገባበትም። የኔን ድርሻ በፎይል ጠቅልለው "እሁድ" ብለው ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱት።

ከሰአት ጎረቤት ያሉ ሽማግሌ ራስታ ሊያዩኝ መጡ፣ ኢትዮጵያዊት መጣች ሲባል ሰምተው። እዚህ ላይ ነገሩ ተበላሸ። የጓደኛዬ እናት ወንበር ሰጧቸው ግን ከበረንዳ አላስገቧቸውም። ልብ አርጉ፣ እኛ አገር ጃማይካ ሲባል ሁሉም ራስታ ይመስለናል፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ቆጠራ ግን 29 ሺ ገደማ ናቸው፣ ከመቶ አንድ አካባቢ። እናቷ ልጅ እያሉ "ብላክሃርት ማን ይወስድሻል" እየተባሉ ነው ያደጉት፣ ብላክሃርት ማን ማለት ጸጉሩ የተገመደው ሰውዬ ነው። እኔ ሻሸመኔ ላይ እየሮጥኩ እንዳለፍኩት ማለት ነው እንግዲህ።

ሽማግሌው ስለ "ባድ ፍራይዴይ" አወሩኝ። በ1963 እ.ኤ.አ. በጸሎተ ሐሙስ ቀን ሞንቴጎ ቤይ አጠገብ ኮራል ጋርደንስ ላይ ጸብ ተነስቶ ነዳጅ ማደያ ተቃጠለ፣ 8 ሰው ሞተ፣ ፖሊሶችም አሉበት። በማግስቱ በስቅለት ቀን ወሬውንም ያልሰሙ ራስታዎች ከየቤታቸው ተለቅመው ተደበደቡ፣ ታሰሩ፣ ጸጉራቸው ተቆረጠ። መንግስት ይቅርታ የጠየቀው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው፣ 54 አመት ቆይቶ። "አጎቴ ነበረበት" አሉ፣ "ጸጉሩን በተሰበረ ጠርሙስ ነው የቆረጡት።" እናቷ ከውስጥ ሆነው ይሰሙ ነበር። ሽማግሌው ሊሄዱ ሲነሱ ቡን በፎይል ጠቅልለው ሰጧቸው። አይቡን አውጥተው፣ ያለ አይብ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11

ወደ ኪንግስተን ተመለስን። ማክስፊልድ አቬኑ ላይ የቅድስት ሥላሴ የኛ ተዋሕዶ ቤተክርስቲያን አለች። ጃንሆይ በ1966 እ.ኤ.አ. መጥተው ከሄዱ ከጥቂት አመት በኋላ አባ ላዕከ ማንደፍሮን፣ ኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉትን፣ ልከው ነው የተጀመረው። ነገሩ ሲገባኝ ገረመኝ፣ ሰዎቹ እሳቸውን እንዲያመልኩ ሳይሆን እሳቸው የሚሰግዱለትን አምላክ እንዲያውቁ ነው የላኩት። የገቡ አሉ፣ "ንጉሡ እያሉ ለምን ቄስ ይላክልናል" ብለው የቀሩም አሉ። ቦብ ራሱ ሊሞት ጥቂት ወር ሲቀረው ነው የተጠመቀው፣ ብርሃነ ሥላሴ ተብሎ፣ በ1981 እ.ኤ.አ. የቀብር ጸሎቱን የመሩትም እኚሁ አባት ናቸው።

ነጠላዬን ለብሼ ገባሁ። ቅዳሴው እንግሊዝኛና ግዕዝ የተቀላቀለበት ነው። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ጃማይካዊ ዲያቆን፣ ነጭ ሻሽ ያሰሩ እናቶች፣ ህጻናት፣ ጧፍ ይዘው "ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን" ሲሉ የነሱ ዜማ የታች ታች እንደ ቤዝ ጊታር ነው፣ "ሙ" ላይ ይጎትቱታል። እዚህ ድረስ ደህና ነበርኩ። "አግዓዞ ለአዳም" ያሉ ጊዜ ነው የተሸነፍኩት። እኔ ይቺን ቃል ከልጅነቴ ጀምሬ ስላት ነጻ አወጣው ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ባሪያ የነበረ ዘር ሲላት ሰምቼ አላውቅም። አጠገቤ የነበሩት እናት እጃቸውን ከፍ አርገው ነው ያሏት።

እሁድ፣ ሚያዝያ 12 — ፋሲካ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰአት ተኩል። ዶሮ ወጥ የለም። ጓደኛዬ ውጪ መኪና ውስጥ ተኝታ ስትጠብቀኝ ነበር፣ ቀሰቀስኳት፣ "አሁን ትበያለሽ?" ብላ ሞተሩን አስነሳች። ሬድ ሂልስ ሮድ መንገድ ዳር በርሜል ለሁለት ሰንጥቀው በከሰል ዶሮ የሚጠብሱ ሰዎች አሉ፣ ፓን ቺክን ይባላል፣ ቅዳሜ ሌሊት እስኪነጋ ይሰራሉ። ጭሱ መንገዱን ሸፍኖታል፣ ሙዚቃው ደረትን ይመታል፣ ከዳንስ የሚመለሱ ልጆች ያብረቀርቃሉ፣ እኔ በነጭ ነጠላ መሃላቸው ቆሜ ወረፋ እጠብቃለሁ። ጠባሹ በመጥረቢያ ከታትፎ በፎይል ላይ ኬችአፕና ያቺን ቃሪያ አፈሰሰበት፣ ሁለት ቁራጭ ዳቦ ጣል አረገበት። "ቸርች ነበርሽ?" አለኝ። አዎ 55 ቀን ጾሜ ነው አልኩት። አየኝ፣ ሌላ ጭን ጨመረልኝ፣ አልከፈልኩበትም። እንዴት እንደበላሁት አልነግራችሁም። የእናቷን ቡን ከነአይቡ መኪና ውስጥ ጨረስኩት።

ቀን ተኛሁ። ማታ የጓደኛዬ አጎት ግቢ ዶሚኖ ይጫወታሉ፣ መጫወት ካላችሁት፣ ጠረጴዛውን ይደበድቡታል እንጂ። ድንጋዩን ከጆሮ በላይ አንስቶ ጧ! የዶሚኖ ጥበቡ ግማሹ ድምጹ ነው። አንድም ሰው ስለ ኢትዮጵያ አልጠየቀኝም፣ ያስጨነቃቸው የማን እጅ ላይ ድርብ ስድስት እንዳለ ነበር። እንዴት ደስ እንዳለኝ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 13

ግራውኔሽን፣ ጃንሆይ ጃማይካን የረገጡበት የራስታዎች በዓል። 59 አመት ሞላው። ክላረንደን ውስጥ ስኮትስ ፓስ የሚባል የናያቢንጊ (የራስታዎች የከበሮና የጸሎት ስርአት ነው) ማዕከል ሄድን፣ ጓደኛዬም በህይወቷ መጀመሪያ ቀኗ ነው (እናቷ አያውቁም፣ እንዳትነግሩ)። ሴት በሱሪ አትገባም፣ ጸጉርም ይሸፈናል፣ ነጠላዬ እዚህም ሰራች። ሶስት አይነት ከበሮ አለ፣ ትልቁ ቤዝ እንደ ልብ ምት ነው፣ ፈንዴው ያለማቋረጥ ይከተላል፣ ሪፒተሩ ላይ ላዩን ይናገራል። ውጪ እሳት ይነዳል። ጃንሆይ የመጡ ቀን ጠዋት ዝናብ ነበር፣ አውሮፕላኑ ሲመጣ ዝናቡ ቆመ እያሉ ያኔ የነበሩት ይመሰክራሉ፣ ህዝቡ አጥሩን ጥሶ አውሮፕላኑን ስለከበበው ጃንሆይ ሳይወርዱ ቆዩ፣ ሞርቲሞ ፕላኖ የሚባል የራስታ ሽማግሌ ደረጃውን ወጥቶ ነው መንገድ ያስከፈተላቸው። ሶስት አመት በፊት በየጫካው ሲሳደዱ የነበሩ ሰዎች ናቸው ቀይ ምንጣፉ ላይ የቆሙት።

አንድ አዛውንት ጃንሆይን አይቻቸው አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። አልደረስኩባቸውም አልኩ። "አባትሽስ?" አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዩኒቨርሲቲ እያለ መሬት ላራሹ ብሎ በሳቸው ላይ የተሰለፈ ሰው ነው። መዋሸት እችል ነበር። አባቴ አይቷቸዋል፣ ግን አልወደዳቸውም አልኩ። ጓደኛዬ ክርኔን ቆነጠጠችኝ። አዛውንቱ ዝም አሉ፣ ከበሮው ሁለት ሶስት ዙር ዞረ። ከዛ "ንጉስ ነበሩና" አሉ፣ "ንጉስን ሁሉም አይወድም። ማንበብ ትችያለሽ?" ብለው ወደ አንድ የጨርቅ ባንዲራ ወሰዱኝ። ራሳቸው በእጃቸው የጻፉት፣ "ሞዓ አንበሳ ዘእምነገዶ ይሁዳ"። ነገደ የሚለው "ደ" ፊደሉ "ዶ" ሆኖባቸዋል። ስንት አመት ተሰቅሎ ኖሯል? ዝም ልበል አልበል ስል ፊቴን አይተው ኖሮ "ምንድነው?" አሉ። ነገርኳቸው። ሳቁ፣ ቀለምና ብሩሽ ፈልገው አመጡ፣ ወንበር ላይ ቆሜ አስተካከልኩት፣ እሳቸው ወንበሩን ይዘውልኝ። "ደ" ብለው ደጋገሙት፣ ደ፣ ደ፣ ደ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14

እናቷ ለመሸኘት ከፖርትላንድ ድረስ መጡ፣ በዛ ፕሮቦክስ፣ በዛ መንገድ፣ በ78 አመታቸው። የሁለት ሰው ሻንጣ የሚሞላ ነገር ይዘው፣ ቡን፣ የቃሪያ ድልህ፣ ፒሜንቶ የሚሉት የደረቀ ቅመም፣ አንድ ጠርሙስ ነጭ ረም 63 ፐርሰንት አልኮል ያለው፣ "ለመጠጣት ሳይሆን ለጉንፋን ደረት ለማሸት" አሉኝ በጣም ኮስተር ብለው። ደህና ሁኚ አይሉም እዚህ፣ "ሊክል ሞር" ነው የሚሉት፣ ትንሽ ቆይተን እንደማለት። በእጃቸው ጉንጬን ይዘው አሉኝ።

ሁለት ኪሎ ሽሮዬን ሳልከፍተው ትቼላቸው ነው የመጣሁት። አሰራሩን በስልክ እነግራቸዋለሁ ብዬ።

ዛሬ ሺፍት ላይ ጓደኛዬ ስልኳን አፍንጫዬ ስር አመጣችው፣ ፎቶ ነው፣ እናቷ የላኩት። ጀበናዬ ምድጃ ላይ ተጥዷል፣ አጠገቡ የማይሎ ቆርቆሮ ተከፍቶ።